«ምንም አይፈጠርም» ስለተባለው ፊልም፣ ከአንድ የአውቶብስ ሾፌር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁን እንጀራ ልገዛ ሀበሻ ግሮሰሪ ስገባ ከመደርደሪያው ላይ አንስቼ ነው የማነበው፣ ብዙ ጊዜ እዛው መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳልጨርሰው ወደ ቤቴ አልሄድም። እስከዛሬ ጽፌላችሁ አላውቅም። አሁን የጻፍኩት በፊልም ገፃችሁ ላይ «ፓተርሰን» ስለሚባለው ፊልም የወጣውን አንብቤ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው። ጸሐፊው ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም አይፈጠርም አለ፣ እሺ ይሄ የስሜት ጉዳይ ነው፣ ግን ቀጠለና እንዲህ አይነት ቀስ ያለ ፊልም ኑሮ የሞላለት ሰው ቅንጦት ነው፣ ለእንጀራው የሚሮጥ ሰው ግጥም የሚያይበት ጊዜ የለውም ብሎ ደመደመ። እኔ ለእንጀራዬ የምሮጥ ሰው ነኝ። ስራዬም ከፊልሙ ሰውዬ ስራ ጋር አንድ ነው፣ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ የከተማ አውቶብስ እነዳለሁ፣ አስራ አንድ ዓመት አልፎኛል። ይሄን ነገር እኔ ካልመለስኩ ማን ይመልሳል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ላላያችሁት ባጭሩ ልናገር። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው፣ የሰራው ጂም ጃርሙሽ ነው፣ ከድሮ ጀምሮ ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ራቅ ብሎ በራሱ መንገድ የሚሰራ አሜሪካዊ ዳይሬክተር። ፓተርሰን የሚባል ሰው፣ ፓተርሰን በምትባል የኒው ጀርሲ ከተማ ውስጥ፣ 23 ቁጥር አውቶብስ ይነዳል። የምናየው አንድ ሳምንቱን ነው፣ ከሰኞ እስከ ሰኞ። ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ያለ ደወል ይነቃል፣ የእጅ ሰዓቱን አንስቶ ያያል፣ ሚስቱን ይስማል፣ ኩባያ ሙሉ ሲርያል ይበላል፣ በእግሩ ወደ ስራ ይሄዳል፣ አውቶብሱን ከማስነሳቱ በፊት ደብተሩ ላይ ሁለት ሦስት መስመር ይጽፋል፣ ማታ ውሻውን ይዞ ይወጣና ሰፈሩ ባር ገብቶ አንድ ቢራ ጠጥቶ ይመለሳል። በቃ። ሞባይል እንኳን የለውም።

እኔ ያየሁት በአንድ እሁድ ማታ ልጄ ላፕቶፕዋ ላይ ከፍታው ነው። «አባዬ ና ስለ አውቶብስ ሾፌር ነው» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ድካም ላይ ነበርኩ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20 የምነሳ ሰው እሁድ ማታ ፊልም ጀምሮ የሚጨርስ አይደለም፣ ግን መጀመሪያ ላይ ሰውዬው መሪው ላይ ደብተሩን አስደግፎ ሲጽፍ ሳይ እንቅልፌ ጠፋ። እሷ ሶፋው ላይ ተኛች፣ እኔ ብቻዬን እስከ መጨረሻው አየሁት፣ ከዛ ወዲህ ደግሞ ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ።

ሾፌር ስለሆንኩ መጀመሪያ ያየሁት እጁን ነው። ሰውዬው፣ አዳም ድራይቨር ነው ስሙ፣ ለዚህ ፊልም ብሎ የአውቶብስ መንጃ ፈቃድ ተምሮ አውጥቷል፣ ያስታውቃልም። ከፌርማታ ሲነሳ መጀመሪያ በስፖኪዮው ከዛ በትከሻው ያያል፣ በር ሳይዘጋ አይንቀሳቀስም፣ መሪውን እንደ ታክሲ አይጎትተውም። ግን ከእጁ በላይ የገረመኝ ጆሮው ነው። እኛ ሾፌሮች ጀርባችንን ሰጥተን ነው የምንሰማው። ተሳፋሪ ሾፌሩ የሚሰማ አይመስለውም፣ እኛ ደግሞ ዞረን አናይም፣ እና ከበስተኋላ የሚወራው ሁሉ በጭንቅላታችን ላይ ያልፋል። ፊልሙ ውስጥ ሁለት ሰራተኞች ስለ ሴት ያወራሉ፣ ሁለት ሕጻናት ሀሪኬን ካርተር ስለሚባለው የከተማዋ ቦክሰኛ ያወራሉ፣ ፓተርሰን ፊቱ ላይ ትንሽ ፈገግታ ብቻ ናት የምትታየው። እኔ ይቺን ፈገግታ አውቃታለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከኋላዬ ተቀምጣ በስልክ ለሆነ ሰው «ዛሬ ጉልበቴ አላመመኝም፣ ምን ላድርገው ብዬ ገበያ እየሄድኩ ነው» ስትል ሰማሁ። ጉልበቷ ስላላመማት ገበያ መሄዷ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ይቺን አረፍተ ነገር ይዤ ነዳሁ። ይሄ ምንም አልተፈጠረም የሚባል ከሆነ እኔ አልስማማም።

ስለ ከተማዋም ጸሐፊያችሁ «አንዲት የደበዘዘች ከተማ» ብሎ ነው ያለፋት፣ ሊያልፋት ባልተገባ ነበር። ፓተርሰን ከኒው ዮርክ ብዙም አትርቅም፣ ወደ 160 ሺህ ገደማ ሰው ይኖርባታል። መሀሏ ላይ 23 ሜትር ያህል የሚወርድ ፏፏቴ አለ፣ የፓሴይክ ወንዝ። እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሀሚልተንና ጓደኞቹ ያቺን ከተማ የቆረቆሩት በዚህ ውሃ ጉልበት ፋብሪካ ለማንቀሳቀስ ብለው ነው። ኋላ የሐር ከተማ ተባለች፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ከ20 ሺህ በላይ የሐር ሰራተኞች ስራ አቁመው ወራት ሙሉ የታገሉባት ከተማ ናት። እና ፓተርሰን ምሳውን የሚበላው እዛ ፏፏቴ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው፣ ደብተሩ ላይ እየጻፈ። የሰራተኛ ከተማ ነች፣ የሰራተኛ ምሳ ነው፣ የት ላይ ነው ቅንጦቱ?

አሁን ደግሞ ለኛ ለሀበሾች ብቻ የሆነች አንዲት ነገር ልንገራችሁ፣ ማንም ሲያነሳት ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን አውቶብሱ ውስጥ ሁለት ወጣት ተማሪዎች ስለ ጋኤታኖ ብሬሺ ያወራሉ። ብሬሺ ጣሊያናዊ ሸማኔ ነበር፣ ፓተርሰን ውስጥ የሐር ፋብሪካ ሰራተኛ፣ አናርኪስት፣ መንግሥት የሚባል ነገር አያስፈልግም የሚል ሰው። ከዛች ከተማ ተነስቶ ወደ ጣሊያን ተመለሰና እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1900 ሞንዛ ላይ ንጉሡን ተኩሶ ገደለ። ንጉሡ ማን ነው? ኡምቤርቶ ቀዳማዊ! የውጫሌው ኡምቤርቶ፣ አጼ ምኒልክ ስለ አንቀጽ 17 ደብዳቤ የጻፉለት፣ ጦሩ አድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1896) የተሸነፈበት ኡምቤርቶ። አድዋ በሆነ በአራት ዓመቱ ማለት ነው። ብሬሺ የገደለው ለኛ ብሎ አይደለም፣ ሚላን ላይ እ.ኤ.አ. በ1898 ለዳቦ የጮኸውን ሕዝብ ወታደር ስለፈጀው ነው ምክንያቱ፣ ይሄን ማምታታት አያስፈልግም። ግን እስቲ አስቡት፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ በአንድ ተራ የከተማ አውቶብስ ላይ ሁለት ልጆች ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ፣ የኛ ታሪክ ውስጥ ያለ ሰው ስም በሾፌሩ ጆሮ አልፎ ይሄዳል። እኔ ያን ስሰማ ከሶፋው ተነስቼ ቆምኩ፣ ልጄን ልቀሰቅሳት ነበር። ቀስ ያለ ፊልም የሚሰጠው እንዲህ ያለውን ነው፣ አይቸኩልምና የሚያልፈውን ነገር ሁሉ ታያለህ፣ የራስህንም ጨምሮ።

ወደ ግጥሞቹ ልምጣ። እዚህ ላይ ጋዜጣው አንድ ስህተት ማረም አለበት። ጽሑፉ ግጥሞቹን የጻፈው ዳይሬክተሩ ነው ይላል፣ አይደለም። የፓተርሰንን ግጥሞች የጻፈው ሮን ፓጄት የሚባል እ.ኤ.አ. በ1942 ኦክላሆማ የተወለደ ገጣሚ ነው፣ ከፊሎቹ ድሮ የጻፋቸው ናቸው፣ ከፊሎቹን ለፊልሙ ብሎ ጻፋቸው። ዳይሬክተሩ የጻፈው አንዱን ብቻ ነው፣ ያቺ መንገድ ዳር እናትዋን የምትጠብቀው ትንሽ ልጅ የምታነበውን፣ ስለ ዝናብ የሆነውን። ይሄ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል ግን የአንድ ሽማግሌ ገጣሚ ስራ ነው፣ ስሙ ይጠራለት።

የመጀመሪያው ግጥም ስለ ክብሪት ነው። በቃ ቤት ውስጥ ስላለች የክብሪት ሳጥን፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ያላት፣ ፊደሎቹ የተጻፉበት ቅርጽ ጭምር። ፓተርሰን ቁርስ እየበላ ሳጥኗን ያነሳታል፣ ያገላብጣታል፣ መንገድ ላይ ቃላቱን በልቡ ያመላልሳል፣ ከዛ የእጅ ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቆም ይላል፣ እንደገና ይቀጥላል፣ ልክ ሰው ሲያስብ እንደሚሆነው። ግጥሙ ሁሉ ስለ ክብሪት እያወራ ይሄድና መጨረሻው ላይ ለካ ለሚስቱ ነው። እኛ አገር ይሄ አዲስ ነገር አይደለም እኮ! ሰም አለ፣ ወርቅ አለ። ሰሙ ክብሪቱ ነው ወርቁ ሚስቱ ናት። የቅኔ ተማሪ ይሄን ቢያይ ወዲያው ይገባዋል። ልዩነቱ፣ የኛ ቅኔ ወርቁን ስታገኘው ሰሙ ይቀልጣል፣ እዚህ ግን ክብሪቱ ክብሪት ሆኖ ይቀራል፣ ራሱ ክብሪቱም ይወደዳል። እኔ በዚህ በጣም ተነክቻለሁ።

ፓተርሰን የሚወደው ገጣሚ ዊልያም ካርሎስ ዊልያምስ ይባላል፣ ከፓተርሰን ብዙ በማትርቅ ራዘርፎርድ በምትባል ከተማ የሚኖር ሐኪም ነበር፣ ከ40 ዓመት በላይ በሽተኛ ሲያክምና ሴቶች ሲያዋልድ ኖሮ በየመሀሉ ነው የጻፈው፣ አንዳንዴ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ላይ። «ፓተርሰን» የሚል ረጅም ግጥምም አለው፣ የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1946 ነው የታተመው። እንግዲህ ሐኪም ነው፣ ሌሊት ምጥ መጣ ተብሎ የሚጠራ ሰው ነው። እሱም ጊዜ አልነበረውም። ጊዜ ያልነበረው ሰው ነው ያን ሁሉ የጻፈው።

የክብሪቱን ነገር ሳይ እናቴ ትዝ አለችኝ። ደሴ ነው ያደግኩት። ክረምት ላይ ክብሪቱ እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልላ ከምድጃው በላይ ያለች ጉድጓድ ውስጥ ትሸጉጠው ነበር፣ ያቺ ላስቲክ ስትንኮሻኮሽ ነው የሚነጋው፣ ለኔ የጠዋት ድምጽ ማለት ያ ነው። ከዛ ቡና ቆልታ ስትወቅጥ በለሆሳስ ታንጎራጉራለች፣ ለሰው አይደለም፣ ለዘነዘናው ነው የምትነግረው። አንዲት መስመር ብቻ ናት የቀረችኝ፣ «ቀስ በል ዘነዘና ልጄ ተኝቷል»። ሌላው ጠፍቶብኛል፣ ዜማው አለ፣ ቃሉ የለም። እና የፊልሙ የመጨረሻ ግጥም ምን መሰላችሁ፣ አያቱ ይዘፍኑት ከነበረ ያረጀ ዘፈን ውስጥ ጭንቅላቱ ላይ የቀረች አንዲት መስመር! ሙሉውን ዘፈን ሳይሆን ያቺን መስመር ብቻ ነው ይዞ የሚዞረው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ሰባት ልጅ አሳድጋለች፣ ጠላ ሸጣለች፣ እንጨት ተሸክማለች። ለእንጀራው የሚሮጥ ሰው ግጥም አያይም ላለው ጸሐፊ መልሴ እሷ ናት። የወፍጮ ቤት እንጉርጉሮ፣ የአጫጆች ዘፈን፣ ልጅ ማስተኛው እሹሩሩ፣ እነዚህ ሁሉ ከማን መጡ፣ ስራ ከፈታ ሰው መጡ እንዴ? እጃቸው ስራ ላይ ካለ ሰዎች ነው የመጡት። ስራው ነው ግጥሙን ያመጣው።

ፊልሙ ግን ምንም እንከን የለውም አልልም። አውቶብሱ በጣም ንጹህ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ተሳፋሪ እንኳን ስለ ሂሳብ አይከራከርም፣ አንድ ሰው አይጮህም፣ ሾፌሩ ሽንት ቤት የት ልግባ ብሎ አይጨነቅም፣ ይሄ ለኛ የየቀኑ ነገር ነው። ሚስቱንም ላውራን (ጎልሺፍተ ፋራሃኒ የምትባል ኢራናዊት ነች የምትጫወታት፣ በጣም ጎበዝ) ቀኑን ሙሉ ቤት ሆና መጋረጃውን፣ ቀሚሱን፣ ኬኩን ሁሉ ነጭና ጥቁር ስትቀባ ነው የምናያት፣ ደስ ትላለች፣ ግን ከሱ ጋር የተገናኙበትን፣ ያሳለፈችውን፣ ብዙም አይነግረንም። ፓተርሰን ከተማ ውስጥ ብዙ አረብ፣ ብዙ ፔሩቪያን እንደሚኖር የታወቀ ነው፣ አውቶብሱ ላይ ግን የነሱ ቋንቋ አይሰማም ማለት ይቻላል። እኔ በምነዳው መስመር በአንድ ጉዞ አማርኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛ፣ የማላውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ ናቸው የሚሰሙት፣ ያ ቢኖር ፊልሙ ይበልጥ ይሞላ ነበር። ጸሐፊያችሁ ይሄን ቢል ኖሮ እጄን አንስቼ እስማማ ነበር።

ግን ሕመም የለበትም ማለት አይቻልም። መኝታ ቤቱ ውስጥ ፓተርሰን በአሜሪካ ማሪን ጦር ዩኒፎርም የተነሳው ፎቶ አለ፣ ማንም ስለሱ አያወራም፣ ፊልሙም አያብራራውም። ባሩ ውስጥ አንዱ ፍቅረኛው የተወችው ልጅ ሽጉጥ ሲያወጣ ፓተርሰን በሰከንድ ውስጥ ዘሎ እጁን ጠምዝዞ መሬት ላይ ይጥለዋል፣ በኋላ ሽጉጡ የውሸት ሆኖ ይገኛል፣ ግን ያቺ ሰከንድ ሰውየው የት እንደነበረ ትነግርሃለች። ከዛ በኋላ ደግሞ ያ ዝምታው ሌላ ሆኖ ይታይሃል። ክብሪት ላይ ያን ያህል ጊዜ የሚያፈጥ ሰው የሆነ ነገር አይቶ የመጣ ሰው ሊሆን ይችላል። እኔም የማላወራው ነገር አለኝ፣ እንደኔ በየብስ አቋርጦ የመጣ ሰው ሁሉ አለው። ትንሽ ነገር ላይ አይንህን ስትተክል ትልቁ ነገር ለትንሽ ጊዜ ይለቅሃል፣ ይሄን ከፊልሙ በፊትም አውቀው ነበር፣ ግን እንዲህ ሲባል አይቼ አላውቅም ነበር።

አሁን ደብተሩ ጋ ደረስኩ፣ ይሄን ስጽፍ አሁንም ሆዴ ይባባል። ላውራ ሳምንቱን ሙሉ ግጥሞቹን ኮፒ አስደርጋቸው እያለች ትለምነዋለች፣ እሱ ቅዳሜና እሁድ አደርገዋለሁ ይላል። ቅዳሜ ማታ ሲኒማ አምሽተው ሲመለሱ ውሻው፣ ማርቪን፣ ደብተሩን ብጥቅጥቅ አድርጎታል፣ ወለሉ ላይ በረዶ የጣለ ይመስላል። (ማርቪንን ሆና የሰራችው ኔሊ የምትባል ውሻ ናት፣ በዛው ዓመት ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ለውሻ የሚሰጠውን ሽልማት ተሸለመች፣ ግን ከሞተች በኋላ ነው።) ፓተርሰን አይጮህም፣ ውሻውን አይመታም። ውሃ ላይ የተጻፉ ቃላት ናቸው ይላል፣ በነጋታው ብቻቸውን ሲሆኑ ማርቪንን አየት አድርጎ አልወድህም ይለዋል። በቃ ይቺው ናት ቁጣው።

እኔም ደብተር ነበረኝ። ሁለት ባለ ሃምሳ ሉክ፣ አዲስ አበባ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኜ ስሰራ የጻፍኩባቸው፣ ተራ ስንጠብቅ ነበር የምጽፈው። ስወጣ እህቴ ቤት ካርቶን ውስጥ ትቼያቸው መጣሁ። ከስድስት ዓመት በኋላ ስጠይቃት ቤት ሲቀይሩ ቆራሌው ከአሮጌ የትምህርት ደብተሮች ጋር በኪሎ ወስዷቸዋል፣ እሷ ምን ታውቃለች፣ የልጆቹ ደብተር ነው የመሰላት። ቆራሌው ወስዶ ለማን እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ፣ ቆሎ ለሚጠቀልሉ ነው። አንድ ሰው፣ መርካቶ ይሁን ሳሪስ፣ በኔ ግጥም ተጠቅልሎ ቆሎ በልቷል። መጀመሪያ ስሰማ ሳምንት ሙሉ ከሰው ጋር አላወራሁም። እህቴ እስከዛሬ አላወቀችም ምን እንደነበረ፣ ልነግራትም አልፈልግም፣ ይሄን ጋዜጣ እንደማታነበው ስለማውቅ ነው የጻፍኩት። ከዛ በኋላ መጻፍ አቆምኩ፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ።

ፊልሙ ውስጥ እሁድ ቀን ፓተርሰን ባዶ እጁን ፏፏቴው ጋ ይቀመጣል። አንድ ጃፓናዊ መጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ገጣሚ ነው፣ የዊልያምስን ከተማ ሊያይ ከኦሳካ ድረስ የመጣ። ገጣሚ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ፓተርሰን አይደለሁም፣ የአውቶብስ ሾፌር ነኝ ይላል። ጃፓናዊው እንግዲያው ይሄ ራሱ ግጥም ይሆናል ይለዋል፣ ስለ ትርጉምም ያወራሉ፣ የተተረጎመ ግጥም የዝናብ ልብስ ለብሶ ሻወር እንደመውሰድ ነው ይላል ሰውዬው። (የውጫሌ ልጆች ነንና ትርጉም ላይ ውሃው ቆዳ ሳይነካ እንዴት እንደሚያልፍ ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም።) ከዛ ከቦርሳው አዲስ ባዶ ደብተር አውጥቶ ይሰጠዋል፣ ባዶ ገጽ አንዳንዴ ብዙ ነገር ይይዛል ይለውና ይሄዳል። ፓተርሰን ትንሽ ይቆያል፣ ከኪሱ ብዕር ያወጣል።

እኔ ያን ሳይ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። በነጋታው ሰኞ ከሺፍቴ ስወጣ አንድ ደብተር ገዛሁ፣ መስመር የሌለው።

አሁን ለጋዜጣው አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ዋናው ደብዳቤዬ ለዚህ ነው ማለት ይቻላል። በግጥም አምዳችሁ ላይ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ስለ ሀገር ነው፣ ስለ ስደት ነው፣ ስለ ሞትና ስለ ትልቅ ፍቅር ነው። መጥፎ ነው አላልኩም፣ አነባቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ግን እዚህ አገር ያለው ሀበሻ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ሲቆርጥ ያድራል፣ አረጋውያን ቤት ውስጥ ሰው ያጥባል፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያነጥፋል፣ ታክሲ ይነዳል፣ ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው የሚጽፍ፣ ለማንም ሳያሳይ። እኔ የማውቃት አንዲት ልጅ አለች፣ ሌሊት አየር ማረፊያ ውስጥ ወለል የምታጸዳ፣ ሰው የጣለውን የቦርዲንግ ፓስ ጀርባ ላይ ትጽፋለች፣ አንዷን አንድ ቀን አሳይታኝ ወዲያው ነጠቀችኝ፣ ማንኛውም መጽሐፍ ላይ ብትወጣ የምታምር ግጥም ነበረች። እስቲ ለእነዚህ ሰዎች አንዲት ጥግ ስጧቸው፣ ሩብ ገጽም ትበቃለች። ስለ ስራቸው፣ ስለ ዕቃቸው፣ በቀን ስላዩት ነገር፣ አራት መስመርም ብትሆን። ስም የማይፈልግ ካለ ያለ ስም ይውጣ። ያቺ ፊልሙ ውስጥ ያለችው ትንሽ ልጅ ፓተርሰን አሜሪካዊቷን ገጣሚ ኤሚሊ ዲኪንሰንን እንደሚወድ ሲነግራት ኤሚሊ ዲኪንሰንን የሚወድ የአውቶብስ ሾፌር ብላ ትገረማለች፣ ሕጻን ስለሆነች ነው፣ ያምርባታል። ትልቅ ሰው ግን ሊገረም አይገባም፣ ጋዜጣማ ጭራሽ።

እኔ ልጀምር፣ ካወጣችሁት ደስ ይለኛል፣ ካላወጣችሁትም አልቀየምም። ጥር ላይ ነው፣ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ ወንበሮቹን ልፈትሽ ወደ ኋላ ስሄድ (ይሄ ግዴታችን ነው፣ የተኛ ሰው ወይ የተረሳ ዕቃ እንዳለ እናያለን) መስኮቱ ስር አንዲት ጓንት አገኘሁ፣ ቀይ፣ የልጅ፣ አምስቱም ጣቶቿ እንደተዘረጉ። ሌላኛዋ እጅ ላይ ሄዳለች። የአስር ደቂቃ እረፍት ነበረኝ፣ ይቺ ናት የወጣችው፣

አንዲት ጓንት ቀርታለች ከወንበሩ ጥግ፣
ጣቶቿን ዘርግታ ሰው የምትፈልግ።

ጓንቷን የጠፉ ዕቃዎች ሳጥን ውስጥ አስገባኋት፣ እስካሁን ማንም አልመጣላትም። ደብተሬን ደግሞ ልጄ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ገጽ በገጽ በስልክዋ ፎቶ ታነሳዋለች፣ እኔ ሳልጠይቃት ራስዋ ነች የጀመረችው፣ የእህቴን ቤት ነገር ከነገርኳት ቀን ጀምሮ። አማርኛ ማንበብ ብዙም አትችልም፣ አንዳንዱን ፊደል ታውቀዋለች፣ እና እያነሳች «ይሄ ምንድነው የሚለው አባዬ» ትለኛለች፣ እኔም ቡና እየጠጣሁ አነብላታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የአውቶብስ ሾፌር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ